ጥጃውን ማን አጠጣው?

ሽራቫን 3

ጎሻችን ማሂ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወለደች። የሽራቫን ወር ዝናብ ይወርዳል፤ እኔ በአንድ እጄ ፋኖስ፣ በአንድ እጄ ጃንጥላ ይዣለሁ፤ ባሌ፣ ሽማግሌዬ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ይጎትታል። የቤት ጎሽ ስትወልድ አትጮኽም። ዝም ብላ ዓይን ዓይንሽን ታይሻለች። እግሮቹ መጡ፣ አፍንጫው ተከተለ፣ ከዚያ ዱብ!

"ምንድን ነው?" አልኩ።

ሽማግሌዬ ጆሮው ይከብዳል፤ አሁን ግን የዘገየው በጆሮው ምክንያት አይደለም። ጅራቱን ከፍ አድርጎ አየና "ደህና ነው" አለ።

"ደህንነቱን አልጠየቅኩም። ምንድን ነው?"

"ወንድ።"

በቃ። እንገሩን አልበን ለጎረቤት አዳረስን። አሮጊቶቹ እንደ ልማዳቸው "አይ ጃሱቤን፣ በቤት ወንድ በበረት ሴት ነበር የምንለምነው፤ እግዜር አንዱን ሰምቶ አንዱን ረሳ" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ኡርቪ የልጄ የማኑ ሚስት ናት። እሱ ሱራት ከተማ ይሠራል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። እሷ እዚህ ከእኛ ጋር ሆና የመንደሩን ልጆች ታስተምራለች። እኔን "ባ" ትለኛለች፣ እናቴ ማለቷ ነው፤ ከተማ ያደገች ስለሆነች ጥያቄዋ አያልቅም።

"ባ፣ ስሙን ማን እንበለው?"

"ወንድ የጎሽ ጥጃ ስም አይወጣለትም።"

"ለምን?"

"ብዙ አይቆይማ።"

"ወዴት ይሄዳል?"

ማሂ ውሃ እንደሚጠማት ትዝ አለኝና ተነሳሁ።

ሽራቫን 6፣ በጥድፊያ

ውሻዋን ላሊን አቃጠላት። ቢካባይ። የፈላ ውሃ። ወገቧ ላይ። ቡችሎቿ ገና ዓይናቸውን አልገለጡም። ጩኸቷ እኔ እስከምሠራበት ወተት ቤት ድረስ ተሰማ። የቅባት መለኪያውን እንዳለ ትቼ ሮጥኩ። ሌላውን ማታ እጽፋለሁ።

በዚያው ቀን፣ ከራት በኋላ

ላሊ የማንም አይደለችም፤ የሁላችንም ናት። በዚህ መንገድ ያለ ቤት ሁሉ የመጀመሪያውን ቂጣ ለላም፣ የመጨረሻውን ለላሊ ይሰጣል። ሌሊት የምትጮኸው ለሁላችን ነው። የወለደችውም በሁላችን ፊት ነው፤ የወለደችበት ግን የቢካባይ የማገዶ መጠለያ ሆነ።

ስደርስ ኡርቪ መሬት ላይ ተቀምጣ ውሻዋን አቅፋ ታለቅሳለች። የላሊ ቆዳ ተገልፏል። እርድና ቅቤ ለውሰን ቀባናት። ቢካባይ ባዶ ድስቱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

"ምን አድርጋህ ነው?" አልኩት።

"ቂጣዬን ወሰደች።"

"ለአንድ ቂጣ?"

ድስቱን ይዞ ገባ። ከዚያ በሩን ዘጋ።

ቢካባይ ጎረቤቴ ብቻ አይደለም። ሚስቱ ካንኩ የነፍስ ጓደኛዬ ነበረች፤ ከሞተች ሁለት ዓመቷ። እሱም እህት ስለሌለው በየዓመቱ በራክሻ ባንዳን ቀን የወንድምነቱን ክር እጁ ላይ የማስረው እኔ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አስሬያለሁ። እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ግን አላወቅሁም። መናገር የማትችል ፍጡር ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው ልብ የለውም። ይህን ሁለት ጊዜ ልጽፈው ነበር።

ሽራቫን 7

ጠዋት ቢካባይ ጣሳውን ይዞ ወተት ቤት መጣ። ያለችው አንዲት ጎሽ ናት፤ የሚኖረውም በእሷ ነው። መንደሩ ወተቱን የሚያስረክብበት የዚህ ቤት ጸሐፊ እኔ ነኝ። በሰልፉ ሁሉ ፊት "ያንተን ወተት ይህ ቤት አይቀበልም" አልኩት። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

"እሺ፣ ጃሱቤን። እንደ ፈቃድዎ" አለ።

እንደ ፈቃድዎ! ከሠላሳ አራት ዓመት "አንቺ" በኋላ ዛሬ "እርስዎ" ሆንኩ። ጣሳውን አንስቶ ተመለሰ። እግሩን ይጎትታል እንዴ? ድሮም ይጎትት ይሆናል።

ጥጃው ደካማ ነው። ማሂ ወተቷን እንድትለቅ ያህል አፉን እናስነካውና እናስረዋለን፤ የተለመደው ነው። ወንዶቹ ሁሉ ደካማ ናቸው። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሽራቫን 9

የመንደሩ ኒም ዛፍ ሥር ስብሰባ ተደረገ። ክሱን ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አምሮብኝ ነበር፤ ሽማግሌዬ እንኳ ሰምቶኛል። "ውሻ የቤት ልጅ ናት" አልኩ። "ልጁን በፈላ ውሃ የሚቀጣ ማነው?" ስል ሁሉም "እውነት ነው!" አለ።

ቢካባይ ተነሳ። "አቃጥያታለሁ፤ አልክድም። የምትቀጡኝን ቅጡኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። በዚህ ክረምት በመንደራችን ስንት ጎሽ ወለደ? ሴት ጥጆቹን አያቸዋለሁ፤ አንገታቸው ላይ ቃጭል አለ። ወንዶቹስ? እንቁላል ነው እንዴ የወለዱት?"

ሰው ሳቀ። እሱ ግን ሳይስቅ ቆሞ ስለጠበቀ ሳቁ ቶሎ አለቀበት።

"እኔ በአንድ አፍታ ተናድጄ ነው። እናንተ ግን ሳትናደዱ፣ በየቀኑ፣ ገመድ እያሳጠራችሁ…"

ሳቪታ፣ ስድስት ጎሽ ያላት፣ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ጎሽና ውሻን ምን አገናኛቸው? ውሻ ፍቅር ነው፤ ጎሽ ሥራችን ነው!"

"ታዲያ ለጥጃው 'አንተ ሥራ ነህ' ብሎ የነገረው ማነው?"

ጥፋተኛ ሰው እንደዚህ ነው፤ ጣቱን ወደ ሌላ ይቀስራል። የነገር ሰው! እገዳው እንዲቀጥል ወሰንን። ወደ ቤት ስንሄድ ኡርቪ ቀድማኝ ተራመደች። እኔም የማወራው አልጠፋኝም፤ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ሽራቫን 10

ጠዋት ካለብኩ በኋላ አንድ ኩባያ ለጥጃው ሰጠሁት። በጣቴ ነው ያጠባሁት። ምላሱ እንደ ሞረድ ነው! ይህን ያደረግሁት ባልዲው ሞልቶ ሊፈስ ስለነበር ነው እንጂ ቢካባይ ስላለው አይደለም። ለሽማግሌዬ አልነገርኩትም። ዕድሜ ልኩን "ለወንድ ጥጃ የሚሰጥ ወተት አሸዋ ላይ የፈሰሰ ነው" ሲል የኖረ ሰው ነው።

ሽራቫን 12

ዛሬም ሰጠሁት። ሁለት ኩባያ።

የሚገርመው ግን የጓዳው ወተት እየጎደለ ነው። ድመት ናት። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። ድመቲቱ ድንጋዩን አንስታ፣ ጠጥታ፣ ድንጋዩን መልሳ ትጭናለች። እንዲህ ያለ ድመት አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

ሽማግሌዬን ሆዱን አሞታል መሰለኝ። ማታ ማታ ሦስቴ ይወጣል። "ምነው?" ስለው "አልሰማሁም" ይላል።

ሽራቫን 13

ወሬ! ወሬ! ኡርቪ ወተት አትወድም ነበር፤ ሽታው ያስጠላታል። ዛሬ ቀትር ላይ "ባ፣ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ብወስድ ይከፋዎታል?" አለችኝ። ክፍሌ ሄጄ እጠጣለሁ አለች። ትናንትም ወስዳለች። ፊቷም ቀላ ቀላ ብሏል።

ለሽማግሌዬ በጆሮው ጮኬ ነገርኩት። "ኡርቪ ሳትሆን አልቀረችም!"

"ምን ሳትሆን?"

"ለሁለት የምትጠጣ!"

ሰማይ ሰማይ አየ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። ሱክዲ የሚባለውን ጣፋጭ ሠራሁላት፤ ቅቤውን ሳልቆጥብ፣ የሸንኮራውን ስኳር ሳልቆጥብ። "ለምንድን ነው ባ?" ስትለኝ "ብዪ ብቻ" አልኳት። ቀኑን ሙሉ ዘፈንኩ።

ሽራቫን 15

ዛሬ ራክሻ ባንዳን ነው። ለሁለቱ ወንድሞቼ ክር አሰርኩ። ሦስተኛው ክር ሳጥኔ ውስጥ ቀረ፤ ሳላስበው ገዝቼው ኖሮ ነው። ቢካባይ በበራችን አለፈ። እጁ ባዶ ነው። ወደኛ አላየም።

ያገድነውን ወተት ምን እያደረገው ይሆን? ብቻውን አይጨርሰው።

የላሊ ቁስል እየደረቀ ነው፤ ቡችሎቹ ደግሞ ኳስ አክለዋል። እናታቸው በቆሰለው ጎኗ አታስጠባም፤ ታዲያ በምን ወፈሩ?

ሽራቫን 17

ጥጃው ዛሬ ዘለለ! አራት እግሩን አንድ ላይ አንስቶ፣ ራሱን አወዛውዞ፣ ገመዱን እስከ ጫፉ ጎትቶ። ሆዱ ከበሮ ነው። ሽማግሌዬ አይቶት "ይሄ ጥጃ ባየር ነው እንዴ የሚወፍረው?" አለ። "በተፈጥሮው ጠንካራ ነው" አልኩ። ባለፈው ሳምንት የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩና ገጹን አጠፍኩት።

ሽራቫን 19

ዛሬ ቦል ቾት ነው፤ የሴቶች ስለት። ወተት አልቀመስንም፤ የዛሬ ወተት የጥጃ ነውና። የካህኑን ላምና ጥጃዋን በአበባ አስጊጠን፣ ግንባራቸው ላይ ቀይ ቀብተን ዞርናቸው፤ የእናትና የልጅ ፍቅር እንዲባረክ ለመንን። የካህኑ ሚስት የበዓሉን ታሪክ ስታወራ ሁላችንም እንደ ልማዳችን እንባችንን ጠረግን።

ሳቪታ አጠገቤ ነበረች። በሹክሹክታ "ባለፈው ሳምንት የኔው ሄደ" አለችኝ።

"ማን?"

"ጥጃው ነዋ።"

ይህን ያለችኝ በእጇ አበባ ይዛ ነው። እኔም አበባ ይዣለሁ። "እግዜር ያጽናሽ" ልላት አልችልም።

ሽራቫን 20፣ በጥድፊያ

ጥጃው ታመመ። ነጭ ያስቀምጠዋል። አይቆምም። ጆሮው ቀዝቅዟል። በእኔ ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ወይስ ያልሰጠሁት? ሐኪሙ ነገ ይመጣል።

ሽራቫን 21

ልጽፍ እቀመጥና እስቃለሁ። መሳቅ አይገባኝም፤ ጥጃው ወድቋል፤ ግን እስቃለሁ።

የከብት ሐኪሙ ወጣት ነው፣ መነጽር ያደርጋል። ሆዱን መታ መታ አደረገና ቀና አለ። "እኔ በዚህ አገር የማየው ወንድ ጥጃ በረሃብ ሲሞት ነው። ይሄኛው በጥጋብ ሊሞት ነው። በቀን ስንቴ ነው የሚጠጣው?"

ሻርፔን አስተካከልኩ።

"እኔ…" አልኩ፣ "ጠዋት ጠዋት ትንሽ፣ ሁለት ኩባያ።"

ኡርቪ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። "እኔ ቀትር ላይ። አንድ ትልቅ ብርጭቆ። አንዳንዴ ሁለት።"

ሁለታችንም ወደ ሽማግሌዬ ዞርን። ሐኪሙ የጠየቀው ቀስ ብሎ ነበር፤ ይሄ ደንቆሮ ግን አንዲት ፊደል አላመለጠችውም። "ማታ ብቻ" አለ። "በጆግ።"

"እርስዎ!" አልኩት። "አሸዋ ላይ የፈሰሰ ነው ሲሉ የኖሩት እርስዎ!"

"አሸዋው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝስ?"

ከዚያ ነገሩ ሁሉ እንደ መብረቅ በራልኝና ሐኪሙ ፊት ኡርቪ ላይ ጮህኩ። "ታዲያ አላረገዝሽም?"

"ኧረ ባ! ማን አለዎት?"

"ሱክዲውን ሁሉ የበላሽው!"

"ብዪ ሲሉኝ!"

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ስም ሲመዘግብ ደግሞ ሽማግሌዬ "ራጃ" አለ፣ ኡርቪ "ቢሉ" አለች፤ ለየብቻ ጠርተውት ኖሯል። እኔ "አንተ" ነበር የምለው። ወረቀቱ ላይ "ራጃ" ሆነ።

ትእዛዙ ግን ቀልድ አይደለም። ወተቱ ሁለት ቀን ይቆማል። የሩዝ ውሃ አፍልቶ፣ ጨውና ስኳር ጨምሮ፣ ሞቅ እንዳለ በየሁለት ሰዓቱ። ጥጃው እስከ ነገ ማታ በእግሩ ካልቆመ አይተርፍም።

ነገ ደግሞ የሺታላ ሳታም በዓል ነው። ምድጃ አይነድም።

ሽራቫን 22

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጽፈው።

ትናንት ያፈላነውን የሩዝ ውሃ በብርድ ልብስ ጠቅልለን አሳድረነው ነበር። ረፋድ ላይ በረደ። ጥጃው ይንቀጠቀጣል፤ ቀዝቃዛውን አፉ ውስጥ ስናፈስለት መልሶ ይተፋዋል። ዛሬ ደግሞ ከአማቴ እናት ዘመን ጀምሮ በዚህ ቤት በዚህ ቀን እሳት ነዶ አያውቅም፤ የልጆች ጠባቂዋ አምላክ ሺታላ ቀዝቃዛ አመድ ላይ ተኝታ የምታርፍበት ቀን ነው።

"እኔ ላንድደው ባ፤ ኃጢአቱ በእኔ" አለች ኡርቪ። ሽማግሌዬ ክብሪቱን ከኪሱ አውጥቶ ይዟል፤ ግን እኔን ያያል።

ወደ ውጭ ወጣሁ። በመንደሩ ሁሉ ጣሪያ ላይ ጭስ የለም፤ ከአንድ ቤት በቀር። ካንኩ ከሞተች ወዲህ ቢካባይ በዓል አያከብርም።

በሩ ላይ ቆሜ "ቢካባይ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። "ጥጃዬ ሊሞትብኝ ነው።"

"የትኛው ጥጃ?" አለ ከውስጥ። አሹፎብኝ አይደለም። ቢያሾፍም ይገባኛል።

"ወንዱ።"

ወጣ። ፊቴን አየ። ተመልሶ ገብቶ ሩዙን ጣደ። ካንኩ ያስቀመጠቻትን ትንሽ የሸንኮራ ስኳር ማሰሮ አወረደ። ጥግ ላይ አራት ቡችሎች በአንድ ድስት ወተት ዙሪያ ተኝተዋል። ያገድኩት ወተት! በዚህ መንደር ሰው ክፋቱን በአደባባይ፣ ደግነቱን በስውር ነው የሚሠራው።

ውሃው ሲፈላ ድስቱን በጨርቅ ይዞ ወጣ፤ ተከተልኩት። ላሊ ግድግዳው ሥር ተኝታ ነበር። የሚጨሰውን ድስት በእጁ ስታይ ሆዷን መሬት ላይ እያሸች፣ እያለቀሰች፣ ጅራቷን ከእግሯ ሥር ቀብራ ወደ ማገዶው ሸሸች።

ቢካባይ ቆመ። አንድ እርምጃም አልሄደም። ድስቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

"እኔ የማጠጣው ቡችሎቿን ነው። እሷ ግን ወተቴን አትነካም" አለ። "አታምነኝም። ልክ ናት።"

"ምን ነክቶህ ነበር፣ ቢካባይ?"

"ምክንያት ቢኖረኝ ስብሰባው ላይ እናገረው ነበር። ውሃው እጄ ላይ ነበር፤ ንዴቱም እጄ ላይ ነበር። ሌላ የለም። ያዢው አንቺ። በአንቺ እጅ ሲሆን አትፈራም።"

ድስቱን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። "አንቺ" እንዳለኝ ያስተዋልኩት እቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ቢካባይ ተከትሎኝ መጣና ጥጃውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ በጭድ እያሸ፣ በጠርሙስ ቀስ በቀስ አጠጣው። ሦስት ጊዜ ወደ ቤቱ ሄጄ ሦስት ጊዜ አፍልቼ መጣሁ። ሽማግሌዬ እግሮቹን ያሻል፣ ኡርቪ ሰዓት ታያለች። ተራዬ ደርሶ ጠርሙሱን ስይዝ ከአፌ ወጣ።

"ዐሥራ አንድ" አልኩ።

"ምኑ?"

"ወንዶቹ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ። ሁሉንም አስታውሳለሁ። ደካማ ናቸው እል ነበር።"

ሽማግሌዬ አልሰማሁም አላለም። ኡርቪ ጀርባዬ ላይ እጇን አሳረፈች። ቢካባይ ደግሞ "ቀስ በይ" አለኝ፤ "ቶሎ ቶሎ ካፈሰስሽው ሳንባው ይገባል።"

እስኪመሽ አልቆመም። ግን ጆሮው ሞቀ።

ሽራቫን 23

ቆመ!!!

ጠዋት በረቱን ስከፍት ቆሞ የማሂን ጭራ ያኝካል። ጮህኩ። ሽማግሌዬ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ መጣ። ዛሬ የክሪሽና ልደት ነው፤ መንደሩ ሁሉ የሕፃኑን አልጋ ያወዛውዛል፣ ወተት ሰርቆ የሚጠጣውን ሕፃን ያወድሳል። በእኛ ቤት ወተት ሰርቆ የሚያጠጣው ሽማግሌዬ ለከበሮው ጨፈረ፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰውዬ! ለቢካባይ ሰው ልከን ጠራነው። ከሳጥኔ ያንን ክር አውጥቼ አሰርኩለት። "ስምንት ቀን ዘገየሽ" አለ። "ከፈለግክ እፈታዋለሁ" አልኩት። እጁን ኪሱ ከተተ።

ሽራቫን 25

ወተት ቤት። ሰልፉ ሙሉ ነበር። "የቢካባይን ወተት ከዛሬ ጀምሮ እቀበላለሁ" አልኩ። "ያደረገው ልክ ነው ብዬ አይደለም፤ እሱም ልክ ነው አላለም። ግን እሱ የጠየቀን ጥያቄ ነበር፤ መልሱን እኔ ከበረቴ አምጥቻለሁ።" ዐሥራ አንዱን ነገርኳቸው። የጥጃውን በሽታና የሦስታችንን ሌብነትም ነገርኳቸው። መጀመሪያ አፈሩ፤ ጆጉ ላይ ስደርስ ሳቃቸውን ለቀቁት። አንዷ ጣሳዋን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሁሉም አልሳቀም። ሳቪታ ጣሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዱም አደረገችው። "ያንቺ ልጅ ሱራት ደሞዝ ያገኛል። እኔ ሦስት ልጆቼን የማስተምረው ጥጃው ባልጠጣው ወተት ነው። ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?"

"እንጃ፣ ሳቪታ" አልኳት። "እኔም ትናንት ነው የጀመርኩት።"

ወተቷን ለክቼ ጻፍኩላት። ስትወጣ ግን ደፉ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ሐኪሙ በቀን ስንት ይበቃዋል አለ?" ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። ሳታመሰግነኝ ሄደች።

ሽራቫን 29

ሐኪሙ እንዳዘዘው ራጃ ጠዋትና ማታ ልክ በልክ ከእናቱ ይጠባል። ዛሬ ንጋት ላይ ገመዱን ፈታሁለት። ጡቷን በግንባሩ ሲገጭ ማሂ ዓይኗን ጨፈነች፤ ወተቷን እንዲሁ ለቀቀችው። አረፋው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጅራቱ አያርፍም። እኔ ባልዲዬን ይዤ ቆሜያለሁ።

"ተራሽ አልደረሰም?" አለ ሽማግሌዬ ከበሩ።

"ገና ነው።"

"ወተት ቤት ሰው ይጠብቅሻል።"

"አልሰማሁም" አልኩት።

ሲጨርስ ራሱን አራግፎ ሻርፔን በአረፋ ረጨው። ከዚያ አለብኩ። ጸሐፊ ከሆንኩ ጀምሮ በሩን አዘግይቼ ከፍቼ አላውቅም፤ ዛሬ ሰልፉ መንገዱ ድረስ ወጥቶ ጠበቀኝ። "ጃሱቤን፣ ምን አጋጥሞሽ ነው?" ብለው ሁሉም በአንድ አፍ ጠየቁኝ።

"ተራ ስጠብቅ ነው" አልኳቸው፤ ቁልፉንም አዞርኩ።